መጀመሪያ መገጣጠሚያውን እዩ
(ስለ ውዳቂ ዕቃና ስለ ሙከራ አርክቴክቸር፣ ለአርክቴክቸር ተማሪዎችና ለግንባታ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ሥራችሁን አቋርጣችሁ የመጣችሁ ግንበኞችና አናጢዎች፣ እንደምን ዋላችሁ። በተለይ ግንበኞቹ በመካከላችን በመገኘታችሁ ደስ ብሎኛል፤ ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከስዕል ጠረጴዛው ይልቅ በእናንተ እጅ ላይ ያለ ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

በውዳቂ ዕቃ ስለ መገንባት ሲወራ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዕቃው ነው። ከጎማ ቤት ይሠራል? ከጠርሙስስ? ካርቶን ዝናብ ይችላል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ነገር ግን ወደ ቁም ነገሩ አያደርሱንም። እኔ የማስቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው። ዕቃው ከነበረበት ቦታ ሳይሰበር ሊነቀል ቻለ ወይ? ከቻለስ በአዲሱ ቦታው በምን ተያያዘ? ለረጅም ጊዜ የተመለከትኳቸው የዚህ ዓይነት ሥራዎች፣ የተሳኩትም ያልተሳኩትም፣ ዕጣቸው የተወሰነው በዕቃው ዓይነት ሳይሆን በመገጣጠሚያው ነው። ዛሬ ይህንን ላሳያችሁ እፈልጋለሁ።

በአሜሪካ ደቡብ፣ በአላባማ ግዛት ምዕራብ፣ ሄል የሚባል ወረዳ አለ። የጥጥ አገር የነበረ፣ ድህነት የጠናበት ገጠር ነው። በ1993 የኦበርን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሳሙኤል ሞክቢ እና ዲ. ኬ. ሩት እዚያ ሩራል ስቱዲዮ የተባለ የትምህርት ፕሮግራም ጀመሩ። ተማሪዎቹ ከዋናው ግቢ ወጥተው እዚያው ገጠር ይኖራሉ፤ ጣሪያው ለሚያፈስበት፣ ወለሉ ለበሰበሰበት ቤተሰብ ራሳቸው ይነድፋሉ፣ ራሳቸው ይገነባሉ። ገንዘቡ ትንሽ ስለነበር ዕቃ ከየትም ከየትም ይለቀም ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻቸው አንዱ በ1994 የተሠራ፣ ግድግዳው ከታሰረ የሣር ነዶ የሆነ ቤት ነው። አጠገቡ ለባለቤቱ ሥጋ ማጨሻ የምትሆን ትንሽ ክፍል ቆመች፤ ግድግዳዋ የፈረሰ ኮንክሪት ስብርባሪ፣ በመካከሉ ብርሃን እንዲያስገቡ የተሰገሰጉ የመስታወት ጠርሙሶች፣ ጣሪያዋ ደግሞ የተጣሉ የመንገድ ምልክቶች ናቸው። በዓመቱ ያንሲ የተባለ የጸሎት ቤት ተከተለ፤ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ያገለገሉ ጎማዎች አፈር ተጠቅጥቆባቸው፣ ተደርድረውና ተለስነው ግድግዳ ሆኑ።

ከሁሉም ግን ረጋ ብለን እንድናየው የምፈልገው በ2000 ሜሰንስ ቤንድ በተባለች መንደር የቆመውን የማኅበረሰብ አዳራሽ ነው። ዝቅ ያሉ ወፍራም የአፈር ግድግዳዎች አሉት፤ የአካባቢው ቀይ አፈር በቅርጽ ውስጥ እየተጠቀጠቀ የተሠሩ ናቸው። ከእነርሱ በላይ ቀጭን የብረት አጥንት ይነሣል። በአጥንቱ ላይ 80 የመኪና የፊት መስታወቶች የላይኛው የታችኛውን እየደረበ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነጥፈዋል። መስታወቶቹ ሼቭሮሌት ካፕሪስ ከተባለው መኪና የተነቀሉ ናቸው፤ የተገዙት ቺካጎ ካለ የአሮጌ መኪና ግቢ በጠቅላላው በ120 ዶላር ነው፤ አንዱ በአንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ማለት ነው።

እስቲ መስታወቱን ራሱን እንመርምረው። የመኪና የፊት መስታወት ሁለት ሉህ መስታወት ሲሆን በመካከላቸው ቀጭን ፕላስቲክ አለ። ሲመታ ይሰነጠቃል እንጂ አይበተንም፤ ስለዚህ ከሰው ራስ በላይ ለመስቀል ከተራ የመስኮት መስታወት ይሻላል። ደግሞ ያው ፕላስቲክ መስታወቱ በቀላሉ ቀልጦ እንደገና እንዳይሠራ ያግደዋል። ለመጣል ያበቃውና ለጣሪያ ያበቃው ጠባዩ አንድ ነው። ቅስት ያለው፣ ከአንድ ሞዴል መኪና ስለተወሰደ ሁሉም አንድ ልክ የሆነ፣ ዝናብን ተሸክሞ ወደ ታች የሚያወርድ ዕቃ ነው። ተማሪዎቹ መስታወቱን ለመቁረጥ ወይም ለማረቅ አልሞከሩም። መጠኑን ተቀብለው ብረቱን ለእርሱ አስማሙት። አንዱ ቢሰበር ሌላውን ሳይነካ ሊለወጥ ይችላል። የሥራው ብልሃት ያለው ርካሽ መስታወት በማግኘት ላይ ሳይሆን በዚህ አነጣጠፍ ላይ ነው።

ይኸው ሐሳብ በሁለት ሌሎች ሥራዎቻቸው ይበልጥ ይጎላል። በ2001 የተሠራችው የካርቶን ክፍል ሰም ከተነከረ የማሸጊያ ካርቶን ናት። ካርቶን ሰም ከገባበት ወረቀት ፋብሪካ መልሶ ሊፈጨው አይችልም፤ ስለዚህ መጨረሻው ቆሻሻ መጣያ ነው። ተማሪዎቹ ተጨፍልቆ የታሰረውን ካርቶን በዚያው እስሩ ወሰዱት፣ እንደ ግዙፍ ጡብ ደረደሩት፣ ለመሠረትም ለግድግዳም ተጠቀሙበት። ሰሙ ውኃ ይከላከላል፤ ክብደቱ ያረጋዋል። በ2002 ያጠናቀቁት ቤት ደግሞ ግድግዳው 72,000 ያገለገሉ የምንጣፍ ቁራጮች ነው። ቁራጮቹ ለዓመታት ተከማችተው ከቆዩ በኋላ የመጡ በመሆናቸው በምንጣፉ ውስጥ የነበረው የኬሚካል ጠረን ወጥቶ አልቋል። አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረው ከላያቸው ከባድ የእንጨት ቀለበት ተጫናቸው። ሙጫ የለም፤ ሲሚንቶ የለም። ግድግዳውን ግድግዳ ያደረገው ክብደት ብቻ ነው። ነገ ያ ቤት ባያስፈልግ እንጨቱን አንሥቶ ምንጣፉን አንድ በአንድ መልሶ መሰብሰብ ይቻላል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ከባድ ነገር ላንሳ። ድሃ ሰው የተማሪ ሙከራ መለማመጃ መሆን አለበት? ባለጠጋው በአዲስ ጡብ ሲኖር ድሃው በጎማና በካርቶን ይኑር ማለት ይህ አይደለም? ይህን ጥያቄ በብዙ መድረክ ሰምቼዋለሁ፤ ጠያቂዎቹንም አከብራለሁ። ሞክቢ ራሱ ሀብታምም ሆነ ድሃ ሰው ሁሉ ለነፍሱ የሚሆን መጠለያ ይገባዋል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር፤ በውዳቂ ዕቃ የሠራው ሌላ ነገር ለእነዚህ ሰዎች አይገባም ብሎ አይደለም። ሞክቢ በ2001 መጨረሻ በደም ካንሰር አረፈ። ከእርሱ በኋላ ፕሮግራሙን የያዘው አንድሩ ፍሪር በ2005 ሌላ መንገድ ከፈተ፤ በአካባቢው መደብር በሚገኝ ተራ እንጨትና ቆርቆሮ፣ በ20,000 ዶላር ሊሠራ የሚችል በጎ ቤት መፈለግ። የመኪና መስታወቱና ምንጣፉ እየቀነሰ መጣ። ቀድሞ የሠሯቸውንም ሕንፃዎች እየተመለሱ ይጠግናሉ።

ብዙዎች ይህን እንደ ማፈግፈግ ያዩታል። እኔ አላየውም። የሙከራ ቤት የሚለካው በተመረቀበት ቀን በተነሣው ፎቶግራፍ አይደለም። ከአሥር ክረምት በኋላ ጣሪያው ሲያፈስ የቤቱ ባለቤት መለዋወጫውን ከየት ያመጣል? 80 የካፕሪስ መስታወት አንድ ጊዜ ይገኛል፤ 81ኛውን ፍለጋ ግን ያቺ መንደር ቺካጎ ድረስ ልትሄድ አትችልም። ለማኅበረሰብ አዳራሽ ይህን ዕዳ መቀበል ይቻል ይሆናል። ለአንዲት አሮጊት መኖሪያ ቤት ግን ከባድ ነው። በውዳቂ ዕቃ የምትሠሩ ሁሉ ይህን ልዩነት አጥብቃችሁ ያዙ፤ ሙከራውን አስቀድማችሁ በራሳችሁ ላይ ፈትኑት። በዚህ ረገድ የካርቶኗን ክፍል እወዳታለሁ፤ የተሠራችው ለተማሪዎቹ ለራሳቸው መኖሪያ ነበርና።

መገጣጠሚያ ቢናቅ ምን እንደሚሆን ያየነው ከዚያ በፊት ነው። በ1965 ኮሎራዶ ውስጥ፣ ትሪኒዳድ ከተማ አጠገብ፣ ወጣት አርቲስቶች ድሮፕ ሲቲ የተባለ ሰፈር መሠረቱ። ከአሮጌ መኪኖች ጣሪያ ላይ ላሜራውን እየቆረጡ ባለ ብዙ ገጽ ጉልላቶች ሠሩ። መልካቸው ዓለምን አስደነቀ፤ በማግሥቱ ዓመት ሽልማት አገኙ። ነገር ግን ጉልላት ማለት የመገጣጠሚያ ክምችት ነው፤ በየማዕዘኑ ስፌት አለ። ስፌቱ ሁሉ ያፈስ ነበር። ብዙም ዓመት ሳይቆይ ሰፈሩ ባዶ ሆነ።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ታሪክም አለ። የሄኒከን ቢራ ባለቤት አልፍሬድ ሄኒከን በ1960 ወደ ካሪቢያን ደሴት ኩራሳዎ ሄዶ ሁለት ነገር አየ፤ የባሕሩ ዳርቻ በባዶ ጠርሙስ ተሞልቷል፣ ሰዉ ደግሞ የሚሠራበት ዕቃ አጥቷል። የደች አርክቴክት የሆነውን ጆን ሃብራከንን ጠርቶ ቢራው ከተጠጣ በኋላ ጡብ የሚሆን ጠርሙስ ንደፍልኝ አለው። ሃብራከን የነደፈው ጠርሙስ አራት ማዕዘን ነው፤ ሲጋደም የአንዱ አንገት በሌላው ቂጥ ላይ በተሠራው ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል። በ1963 ጠርሙሱ ተመረተ። ኩባንያው ግን አልገፋበትም፤ ከሙከራ ቤት አልፎ መንደር አልወጣውም። ቢሆንም ሐሳቡ ዛሬም ያስደንቀኛል። መጀመሪያ ተጥሎ፣ ከዚያ እንዴት እንጠቀምበት ከማለት ይልቅ ጠርሙሱ ገና ሳይሞላ ሁለተኛ ሕይወቱ ታስቦለታል።

አሁን ወደ ጡብና ወደ ማጣበቂያው እንምጣ፤ የነገሩ ሁሉ እምብርት እዚህ ነው። በድሮ ጊዜ በአውሮፓ ጡብ የሚያያዘው በኖራ ነበር። ኖራ ከጡቡ ይልቅ ለስላሳ ነው። ግድግዳው ሲፈርስ በመዶሻ ቀስ ብለህ ስትመታው የሚለቀው ኖራው ነው፤ ጡቡ ሳይሰበር ይወጣል፣ ይጠረጋል፣ ሌላ መቶ ዓመት ያገለግላል። በኋላ ግን፣ በዴንማርክ ከ1960ዎቹ ጀምሮ፣ የሲሚንቶ ማጣበቂያ ቦታውን ወሰደ። የሲሚንቶ ማጣበቂያ ከጡቡ ይበረታል። ግድግዳውን ስትመታው የሚሰበረው ጡቡ ነው። ብርቱ እንዲሆን የታሰበው ማጣበቂያ የሚይዘውን ጡብ ለአንድ ዘመን ብቻ አደረገው ማለት ነው።

ኮፐንሃገን የሚገኘው ሌንዳገር የተባለው የአርክቴክቶች ቢሮ በ2019 ላጠናቀቀው የመኖሪያ ሕንፃ የድሮ የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ጡብ ሊጠቀም ሲፈልግ የገጠመው ይኸው ነው። ጡቡን ከጡቡ መለየት አልተቻለም። ታዲያ ለመለየት መታገሉን ተዉት። ግድግዳውን በመጋዝ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር እያደረጉ እንደ ሰሌዳ ቆረጡት፤ ሰሌዳዎቹን ጎን ለጎን አቁመው አዲስ የሕንፃ ፊት አደረጓቸው። የጡቡ ቀለምና የአደራደሩ አቅጣጫ በየሰሌዳው ስለሚለያይ ሕንፃው ከሩቅ ሲያዩት የተለያየ ጨርቅ የተሰፋበት ይመስላል። ውብ ነው። ሆኖም ይህ ውበት ከማጣበቂያ ስህተት የተረፈ መሆኑን መርሳት የለብንም። በመጋዝ መቁረጥ ማሽን ይጠይቃል፣ ነዳጅ ይጠይቃል፣ ክሬን ይጠይቃል። ኖራ ቢሆን ኖሮ መዶሻና ሁለት ሰው ይበቁ ነበር።

ሲሚንቶን ለመክሰስ አልመጣሁም፤ ሁላችንም እንጠቀምበታለን። ግን ዋጋው በከረጢቱ ላይ ከተጻፈው በላይ ነው። ሲሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይ ወደ 1,450 ዲግሪ ሲጋል ከነዳጁ ጭስ በተጨማሪ ድንጋዩ ራሱ በውስጡ የያዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ማምረት ይመጣል። የፈረሰ ሕንፃ ስንጥል የምንጥለው ድንጋይና ብረት ብቻ አይደለም፤ አንድ ጊዜ የወጣውንና ወደ ኋላ የማይመለሰውን ያንን እሳት ነው።

በስዊዘርላንድ፣ በዊንተርቱር ከተማ፣ የድሮው የዙልትሰር ፋብሪካ በነበረበት ግቢ ውስጥ በ2021 የተጠናቀቀ ሕንፃ አለ፤ ኬ 118 ይባላል። ባውቢሮ ኢን ሲቱ የተባለ ቢሮ በአንድ አሮጌ የፋብሪካ አዳራሽ ራስ ላይ ሦስት ፎቅ ጨመረበት፤ የጨመረውም በአብዛኛው ከፈረሱ ሕንፃዎች በተወሰደ ዕቃ ነው። የብረት ምሰሶውና ወራጁ ባዝል ውስጥ ከፈረሰ ማከፋፈያ መጋዘን፣ የውጭ ደረጃው ዙሪክ ከነበረ የቢሮ ሕንፃ፣ ቀዩ የፊት ቆርቆሮ እዚያው ዊንተርቱር ከነበረ ማተሚያ ቤት መጣ። በአዲስ ዕቃ ቢሠራ ኖሮ ከሚወጣው የሙቀት አማቂ ጋዝ 60 በመቶ ያህሉን ማስቀረቱ ተሰልቷል።

ለእናንተ ለተማሪዎች ከቁጥሩ ይልቅ የሥራው ቅደም ተከተል ነው የሚጠቅማችሁ። በተለመደው አሠራር አርክቴክቱ ይነድፋል፣ ከዚያ ዕቃ ይታዘዛል። እዚያ ግን ዕቃ ፈላጊዎች አስቀድመው ወጡ። ሊፈርሱ የተቃረቡ ሕንፃዎችን እየዞሩ ለኩ፣ ፎቶ አነሡ፣ ባለቤቶቹን አነጋገሩ። ደረጃው በተገኘ ጊዜ የፎቆቹን ቁመት ወሰነ፤ ፎቁ ለደረጃው ተስተካከለ እንጂ ደረጃው ለፎቁ አልተቆረጠም። መስኮቶቹ ከልዩ ልዩ ቦታ የመጡ በመሆናቸው ልካቸው የተለያየ ነው፤ ግድግዳው በእንጨት፣ በጭድና በጭቃ ሲሠራ እያንዳንዱን መስኮት እንዳለ እንዲቀበል ተደረገ። ብረቱ ደግሞ ሊወሰድ የቻለው በቡሎን የታሰረ ስለነበር ነው። ቁልፍ ይዞ የሚፈታ ሠራተኛ ያስፈልገዋል፤ የሚቆርጥ እሳት አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ ርካሽ ነው ብዬ አላታልላችሁም። ዕቃው ርካሽ ቢሆንም ጉልበቱ ውድ ነው። መፍታት፣ መልቀም፣ ማጽዳት፣ መመርመር፣ ማከማቸት፣ እንደገና መለካት ሁሉ የሰው ሰዓት ይበላል። ለስዊዘርላንድ ይህ ትልቅ እንቅፋት ነው። የሰው ጉልበት ከዕቃው ይልቅ በሚረክስበት አገር ግን ሒሳቡ ይገለበጣል፤ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ ብረት የሚወጣው ገንዘብ ለሠራተኛ ደመወዝ ሊሆን ይችላል። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ቻይናው ዋንግ ሹ አጭር ነገር ልበልና ወደ አገራችን እመለሳለሁ። ከባለቤቱ ከሉ ዌንዩ ጋር የሚሠራው ይህ አርክቴክት በ2008 የኒንቦ ከተማን ታሪክ ሙዚየም ሠራ። ለሙዚየሙና ለአዲሱ ከተማ ተብለው ከፈረሱ መንደሮች የተለቀመ ጡብና የሸክላ ክዳን ግድግዳውን ሞላው። በዚያ አካባቢ ማዕበል ቤት ባፈረሰ ቁጥር ገበሬው ስብርባሪውን በፍጥነት ደርድሮ እንደገና የሚገነባበት የቆየ ጥበብ አለ፤ ዋፓን ይባላል። ሲሚንቶ ሲመጣ ጥበቡ ሊረሳ ተቃርቦ ነበር። ዋንግ ሹ ከግንበኞቹ ጋር የናሙና ግድግዳ እያቆመና እያፈረሰ መልሶ አስለመደው። እያንዳንዷ ሸክላ የት እንደምታርፍ የሚያሳይ ስዕል ሊኖር አይችልም፤ የሚወስነው ግንበኛው በዚያች ሰዓት ነው። አርክቴክቱ ሕጉን ሰጠ፣ የግንበኛውን እጅ ግን አላሰረም። በ2012 ፕሪትዝከር የተባለውን የሙያው ከፍተኛ ሽልማት ሲያገኝ፣ በእኔ እምነት፣ ሽልማቱ ስማቸው ላልተጠራ ግንበኞችም ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን። ይህ ጉባኤ ስለ ውዳቂ ዕቃ ከአላባማ ብቻ ሊማር አይገባውም። «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረውን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከእርሱ እጅ ዕቃው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ በርሜል ተቀዶ ላሜራ ይሆናል፣ ላሜራው በር ይሆናል፣ ቁርጥራጩ ምድጃ ይሆናል። ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል። ምንም ነገር እንዲሁ አይጣልም። ቤት ሲፈርስም ቀድመው የሚነሡት ቆርቆሮው፣ በሩና መስኮቱ ናቸው፤ እንደገና ይሸጣሉ፣ ሌላ ቤት ይገባሉ። ይህ ሥርዓት የተሠራው ያለ አንዳች አርክቴክት ነው። እኛ ልንጨምርበት የምንችለው ነገር ቢኖር ዕውቀትና ጥበቃ ነው።

ጥበቃ ስል አንድ ቀን አስባለሁ። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ከዚያ ክምር እየለቀሙ የሚኖሩ፣ በአጠገቡም ቤት የቀለሱ ነበሩ። ሌላው የጣለውን እየለየ ለከተማዋ መልሶ የሚሰጥ ሰው በዚያ መልክ መሞት አልነበረበትም። ስለ ውዳቂ ዕቃ ውበት የሚናገር ማንኛውም አርክቴክት፣ እኔን ጨምሮ፣ ዕቃውን በባዶ እጁ ከሚለቅመው ሰው ደኅንነት ጀምሮ ማሰብ ግዴታው ነው።

መገጣጠሚያውን በተመለከተ ደግሞ የአባቶቻችን ቤት ከዛሬው ይበልጣል። የጭቃ ቤት ቋሚና ማገሩ በልጥ ይታሰር ነበር፤ ሲፈለግ ይፈታል። ምርጉ ከጤፍ ጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ ነው፤ ሲፈርስ ውኃ ተጨምሮበት እንደገና ይቦካል፣ ወይም መሬት ይሆናል። ያልበሰበሰው እንጨት ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። ደብረ ዳሞን ያየ ሰው ድንጋዩና እንጨቱ ያለ ሲሚንቶ እየተሳሰሩ እንዴት ለዘመናት እንደቆሙ ያውቃል። በዘመናችንም አርቲስቱ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ መካኒሳ ላይ በ2019 የከፈቱት ዞማ ሙዚየም በዚያው በጭቃና በጭድ ጥበብ የተገነባ ነው። ኤልያስ በሥዕል ሥራው የተጣለ የኮምፒውተር ሽቦና ሰሌዳ እየሰፋ ዓለምን ያስደነቀ ሰው ነው፤ ቤት ሲሠራ ወደ ጭቃ መመለሱ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሁለቱም ሥራ ትዕግሥተኛ እጅ ይጠይቃል።

ዛሬ ግን የምንገነባው በብሎኬትና በሲሚንቶ ነው። ብሎኬት ግድግዳ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ግንበኞቹ ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ፤ አንድም ጤነኛ ብሎኬት አይወጣም። ከምሰሶው የሚፈለገው ፌሮው ብቻ ነው። በፍርስራሽ ቦታ የሚሠራውን ሰው አስተውላችሁ እዩት፤ ትልቅ መዶሻ ይዞ ኮንክሪቱን ቀኑን ሙሉ ይቀጠቅጣል፣ አቧራው ሳንባው ይገባል፣ ፌሮው ጎብጦ ይወጣል። ከዚያ ድንጋይ ላይ አስደግፎ እየመታ ያቀናዋል። የጎበጠና የቀና ፌሮ በታጠፈበት ቦታ ጥንካሬውን ያጣል፤ ለአጥር ቋሚ ይሆን ይሆናል፣ ለፎቅ ምሰሶ ግን ፈጽሞ። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ሁሉም ውዳቂ ዳግም አይሠራበትም። ከሁሉ የከፋው በአሮጌ ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ የሚገኘው አስቤስቶስ ያለበት ክዳን ነው። ሲቆረጥና ሲሰበር የሚወጣው ብናኝ ካንሰር ያመጣል። ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትንኩት፤ ሠራተኛም እንዲነካው አትዘዙ።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? አርጅቶ የመጣልንን መልቀም አንዱ ሥራ ነው። ዋናው ሥራ ግን ዛሬ በምንነድፈው ሕንፃ ላይ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚፈርሰው እርሱ ነውና። ሸክም የማይሸከም ግድግዳ ስትገነቡ ማጣበቂያችሁ ከጡቡ የላላ ይሁን፤ ሲሚንቶውን ቀንሳችሁ ኖራ ጨምሩበት። ብረት ስታገናኙ ከብየዳ ይልቅ ቡሎን ምረጡ፤ ቡሎኑም ቁልፍ በሚደርስበት ቦታ ይሁን፣ በኮንክሪት አትቅበሩት። የቆርቆሮና የመስኮት ልክ በየሥራው አታለዋውጡ፤ ሜሰንስ ቤንድ ላይ 80ው መስታወት ጣሪያ የሆነው ሁሉም አንድ ልክ ስለነበሩ ነው።

እኔ በማስተምራቸው ክፍሎች ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ ከፕላኑና ሕንፃው ተቆርጦ ከሚታይበት ስዕል ጋር አንድ ተጨማሪ ስዕል እንዲያስረክብ እጠይቃለሁ፤ የመፍቻ ስዕል። በእርሱ ላይ የትኛው ቡሎን መጀመሪያ እንደሚፈታ፣ የሚፈታው ሰው የት ቆሞ እንደሚሠራ፣ የትኛው ክፍል ተደግፎ መቆየት እንዳለበት፣ እያንዳንዱ የሚነሣ ዕቃ ስንት ኪሎ እንደሚመዝንና ሁለት ሰው ሊሸከመው ይችል እንደሆነ ይጻፍበታል። በስዕሉ ግርጌ የዕቃዎቹ ዝርዝር ከነልካቸው ይኖራል። ስዕሉ ከሕንፃው ሰነድ ጋር አብሮ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ አንድ ቅጂም በሕንፃው ውስጥ፣ ከመብራት ቆጣሪው ሣጥን አጠገብ ይቀመጣል።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ እንቀበል፤ ከግንበኞቹ እንጀምር።